ኦንላይን የሚሸጡ የድሮ ቤዝቦል ካርዶች፦ ፎርጅዱን ከኦሪጅናሉ እንዴት እንለያለን?

በኦገስት 2022 የታዋቂው ቤዝቦል ተጫዋች የሚኪ ማንትል አንድ ካርድ በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ከማስቲካ ጋር አሽጎ በሳንቲም ይሸጠው የነበረ የካርቶን ቁራጭ ነው። ካርቶን እንዲህ ዓይነት ገንዘብ ካወጣ፣ አስመስሎ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። አልጠፋምም።

አሜሪካ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ካርድ ይለዋወጣሉ። ከጋራዥ ሴል እየገዛ ኢቤይ ላይ አትርፎ የሚሸጥም ከመካከላችን አለ። ችግሩ እነዚህን ካርዶች በልጅነታችን አልነካናቸውም። እዚህ ያደገ ሽማግሌ ካርዱን በጣቶቹ ያዝ አድርጎ «ይሄ ልክ አይደለም» ሊል ይችላል። ለምን ብትሉት ማስረዳት ሊያቅተው ይችላል፤ እጁ ግን ያውቀዋል። እኛ ያ እጅ የለንም። ደግነቱ በጥቂት ዶላር ይገዛል። ከዚያ እንጀምር።

1. መጀመሪያ ማንም የማይፈልገውን ካርድ ግዙ

ልትገዙ ያሰባችሁት ውድ ካርድ የወጣው በየትኛው ዓመት ነው? ኩባንያውስ ማን ነው? ከዚያው ዓመትና ከዚያው ኩባንያ፣ ዛሬ ስሙን የሚያነሳው የሌለ ተጫዋች ካርድ ግዙ። ማዕዘኑ የተበላ፣ መሐሉ የታጠፈ ቢሆን ችግር የለውም፤ እንዲያውም ለትምህርት ይሻላል። የ1960ዎቹ የቶፕስ ካርድ እንዲህ ተጎድቶ ሲገኝ ጥቂት ዶላር ነው። የ1952ቱ ከፍ ይላል። ከሲጋራ ጋር ታሽጎ ይወጣ የነበረው የመቶ ዓመቱ የትምባሆ ካርድ ከዚያም ይወደዳል። ቢሆንም በኋላ ሊበላባችሁ ከሚችለው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ከተቻለ በአካል ካርድ ሱቅ ሄዳችሁ ግዙ። ኦንላይን ብትገዙትም ብዙ አያሰጋም። ስም የሌለውን ተጫዋች ፎርጅድ መሥራት አያዋጣማ።

እጃችሁ ሲገባ ከፕላስቲኩ አውጡና ዳሰስ ዳሰስ አድርጉት። የፊቱ ልስላሴና የጀርባው ሻካራነት ይለያያል። የጀርባው ካርቶን ብዙውን ጊዜ ግራጫ ወይም ወደ ክሬም የሚያደላ ነው፤ የፕሪንተር ወረቀት አይመስልም። አሁን የተበላውን ማዕዘን ቀረብ አድርጋችሁ እዩ። ካርቶኑ በስሱ ተከፋፍሎ፣ ቃጫው ለስልሶ፣ ቆሻሻው ቃጫው ውስጥ ገብቶ ይታያል። እጥፋቱ ላይ ደግሞ ቀለሙ ተሰንጥቆ ውስጡ ይታያል። የብዙ ዓመት እርጅና መልኩ ይህ ነው። ይህን በዓይናችሁም በእጃችሁም ያዙት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ከዚህ ካርድ ጋር ማስተያየት ነው።

አብራችሁ የምትገዙት ዕቃ ብዙ አይደለም። ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ፣ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙባት ዓይነት ማጉያ (10 እጥፍ የምታጎላ ትበቃለች፣ 30 እጥፍ ብትሆን ይበልጥ ጥሩ)፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪ እና ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት። የወርቅ ሚዛን ካላችሁም አይከፋም።

2. የምትፈልጉትን ካርድ መታወቂያ ያዙ

እያንዳንዱ ካርድ ዓመት፣ ኩባንያ፣ ቁጥርና መጠን አለው። እነዚህን ሳትይዙ ዋጋ አትጠይቁ።

ፎርጅድ ሠሪ የሚደክመው ውድ ካርድ ላይ ነው። ስለዚህ እነዚህን ስታዩ ጠንቀቅ በሉ (ከዓመቱ ቀጥሎ ያለው የኩባንያው ስም ነው)፦ የ1952 ቶፕስ ሚኪ ማንትል (ቁጥር 311)፣ የ1951 ቦውማን ማንትል (253) እና ዊሊ ሜይስ (305)፣ የ1954 ቶፕስ ሃንክ አሮን (128)፣ የ1955 ቶፕስ ሮቤርቶ ክሌሜንቴ (164)፣ የሊፍ ኩባንያ ጃኪ ሮቢንሰን (79)፣ የ1968 ቶፕስ ኖላን ራየን (177)። አራት ወጣቶች በአንድ ላይ የወጡበት የ1963 ቶፕስ ፒት ሮዝ (537) ደግሞ በዚህ ነገር የቆየ ስም አለው፤ ፎርጅዱ ገበያ ውስጥ የገባው ገና በ1980ዎቹ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ካሉት የ1933 ጎዲ ቤብ ሩት አለ። በዚያ ዓመት የሩት ካርዶች አራት ናቸው፤ ቁጥራቸው 53፣ 144፣ 149 እና 181። ከነዚህ ሌላ ቁጥር የያዘ «የ1933 ጎዲ ሩት» ካጋጠማችሁ እለፉት።

መጠኑን በቃላችሁ ብትይዙት ያዋጣል። ከ1957 ወዲህ የቶፕስ መደበኛ ካርድ 2½ በ3½ ኢንች ነው፤ 63.5 በ88.9 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከ1952 እስከ 1956 ያሉት ግን ከዚህ ይበልጣሉ፤ 66.7 በ95.2 ሚሊ ሜትር ገደማ። የ1951 ቦውማን 52.4 በ79.4 ነው። የ1933 ጎዲ 60.3 በ73፣ ቲ206 የሚባለው የትምባሆ ካርድ ደግሞ 36.5 በ66.7። ድሮ የሚቆረጠው በዛሬው ጥራት ስላልሆነ ትንሽ ልዩነት ይኖራል። በብዙ ሚሊ ሜትር ከተለያየ ግን ሌላ ካርድ ነው የያዛችሁት።

ይህች የመጠን ነገር ብቻዋን ስንቱን ታድናለች። ቶፕስ ራሱ በ1983 የ1952ቱን ካርዶች እንደገና አትሞ ሸጧል። በሕጋዊ መንገድ ነው፤ ጀርባው ላይም ድጋሚ ህትመት መሆኑ ተጽፏል። ግን ያተማቸው በመደበኛው በትንሹ መጠን ነው። አንዳንድ ሻጭ ታዲያ ፊቱን ብቻ ፎቶ አንስቶ «1952 ማንትል» ብሎ ይለጥፈዋል። ጀርባውን አያሳይም። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጦ እንዲያነሳው ብትጠይቁት ጭጭ ይላል።

የሆነስ ሆነና ኦሪጅናሉ ማንትል ለምን ተወደደ? ቁጥር 311 ያለው በዓመቱ መጨረሻ በወጣው ክፍል ውስጥ ነው። ያ ክፍል ገበያ ሲደርስ የቤዝቦሉ ወቅት እያለቀ ነበር፤ ብዙ አልተሸጠም። ቶፕስ ይሠራ የነበረው ሳይ በርገር በኋላ እንደተናገረው፣ መጋዘን የከረመውን ካርድ በ1960 በጀልባ ጭነው አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ጣሉት። ስለዚህ «ከሴት አያቴ ሳጥን ውስጥ አምስት ማንትል አገኘሁ» የሚል ሻጭ ሲመጣ ይህን ታሪክ አስታውሱት።

ስለ ሌላው ታዋቂ ተጫዋች፣ ስለ ሆነስ ዋግነር፣ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የቲ206 ዋግነር በዓለም ላይ የታወቀው 60 ገደማ ነው፤ በ2022 አንዱ 7.25 ሚሊዮን ዶላር ሄዷል። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ አታገኙትም፤ አለቀ። ሌሎቹ የቲ206 ተጫዋቾች ግን በየጊዜው ይሸጣሉ፤ ለነሱ አንድ ጥሩ ምልክት አለ። ከሥዕሉ ሥር ያለው የተጫዋቹና የቡድኑ ስም የታተመው በቡናማ ቀለም ነው። የርካሽ ቅጂዎቹ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ነው። በነገራችን ላይ የፒትስበርግ ስም መጨረሻው ላይ ኤች ፊደል ቢጎድለው አትደንግጡ። ከተማዋ በዚያን ዘመን በይፋ የምትጻፈው እንዲያ ነበር።

3. ከካርዱ በፊት ማስታወቂያውን መርምሩ

ዋጋው በጣም ከወረደ ነገሩ እዚያው አልቋል። የ1952ቱ ማንትል ተጨማዶ፣ ማዕዘኑ አልቆ፣ በመጨረሻው ግሬድ (ባለሙያ በሚሰጠው የጥራት ደረጃ) እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። እሱን በ400 ዶላር የሚሸጥላችሁ ቸር ሰው የለም። ኢቤይ ላይ የተሸጡ ዕቃዎችን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። የተጠየቀውን ዋጋ ትታችሁ በእርግጥ የተከፈለውን እዩ።

ቃላቱን አንብቡ። ሐቀኛ ሻጭ «ሪፕሪንት» (ድጋሚ ህትመት) ብሎ ርዕሱ ላይ ይጽፋል። ሌላው ቃሉን ገለጻው መጨረሻ ላይ ይደብቀዋል፤ ወይም አር እና ፒ የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብቻ ጣል አድርጎ ያልፋል። በኋላ ብትከሱት «ተናግሬያለሁ» ሊላችሁ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ይኸውላችሁ፦ «እኔ ስለ ካርድ አላውቅም፤ ከሟች አጎቴ ቤት ነው የተገኘው፤ ፎቶውን አይታችሁ ራሳችሁ ፍረዱ፤ መመለስ የለም።» እውነት የማያውቅ ሰው አለ፤ አልክድም። ግን አንድ ሰው የማያውቀውን ካርድ ዓመቱን፣ ቁጥሩንና ኩባንያውን ጠንቅቆ ከጻፈ በኋላ «አላውቅም» ካለ ጥሩ አድርጎ ያውቃል።

ከዚያ የሻጩን ሌሎች ዕቃዎች ክፈቱ። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሩትን፣ ማንትልን፣ ክሌሜንቴንና አሮንን እያከታተለ ካወጣ፣ ሁሉም ከተበሉ ማዕዘኖች ጋር፣ ሁሉም ግሬድ ሳይሰጣቸው ከሆነ፣ ፋብሪካው ቤቱ ነው። አስተያየቶቹንም አንብቡ፤ አምስት ኮከቡ የተገኘው የስልክ ሽፋን በመሸጥ ይሆናል።

ፎቶውን በጉግል ሌንስ ፈልጉት። ከድሮ ጨረታ የተሰረቀ ሥዕል ከሆነ ወዲያው ይወጣል።

4. ፎቶ አስልኩ

ጨዋ ሆናችሁ ጠይቁ፤ ግን ለይታችሁ ጠይቁ። ፊቱ በደንብ ብርሃን፣ ጀርባው እንዲሁ፣ አራቱ ማዕዘኖች ቀረብ ተብለው፣ ጠርዙ በጎን። አንድ ደግሞ ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ። በመጨረሻም የእናንተ ስምና የዕለቱ ቀን ብጣሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከካርዱ ጋር። ይህ የመጨረሻው ካርዱ በእርግጥ በሻጩ እጅ መኖሩን ያሳያል። ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ሰው አምስት ፎቶ ለማንሳት ከሰነፈ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ፎቶዎቹ ሲመጡ መሐሉን ትታችሁ ዳር ዳሩን እዩ። ነጩ ጠርዝ ላይ እጥፋት ወይም ቆሻሻ ይታያል? በጣት ብትዳስሱት የሚሰማ ዓይነት ነው ወይስ ሥዕል ብቻ? የተጎዳ ኦሪጅናል ካርድ ስካን ተደርጎ ሲታተም እጥፋቱም አብሮ ይታተማል። ካርዱ የተሸበሸበ ይመስላል፤ ዘንበል ተደርጎ ሲነሳ ግን ጥርት ያለ ለጥ ያለ ነው። ብርሃኑ እጥፋቱ ላይ አይሰበርም። ዘንበል ያለ ፎቶ የምትጠይቁት ለዚህ ነው።

5. ተመላሽ በሚሆን መንገድ ክፈሉ

ፔይፓል ላይ «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው አትላኩ። ያ መንገድ ለገዢ ጥበቃ የለውም። ዜል እና ካሽ አፕም ላላወቃችሁት ሰው እንዲሁ ናቸው፤ ገንዘቡ አንዴ ከሄደ ሄደ። «ከሲስተሙ ውጭ ብትከፍለኝ ኮሚሽኑን ልቀንስልህ» የሚል ሰው የሚቀንሰው ዋስትናችሁን ነው። ኢቤይ ዕቃው እንደተገለጸው ካልሆነ ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ይሰጣል፤ ሻጩ «መመለስ የለም» ቢልም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከተወሰነ ዋጋ በላይ የሆኑ ካርዶችንም ወደ ገዢው ከመላካቸው በፊት በባለሙያ ያስመረምራል። ማስታወቂያው ላይ የምርመራው ምልክት መኖሩን አረጋግጡ፤ ሁሉም ላይ የለም። ክሬዲት ካርድ ደግሞ በላዩ ላይ ሌላ መከላከያ ነው።

6. ካርዱ ሲደርስ

ፖስታውን ስትከፍቱ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ የአድራሻው ወረቀት ይታይ። ከዚያ ካርዱን ከርካሹ ካርዳችሁ ጎን አስቀምጡት። ሠላሳው ቀን እየቆጠረ ነው፤ ለነገ አትበሉ።

ለኩት። ከዚያ ሁለቱን ካርዶች ጠርዝ ለጠርዝ ደራርቧቸው። ውፍረታቸው ይመሳሰላል? አዲሱ በአንድ ጎን አጠር ካለና ያ ጎን ከሌሎቹ ይበልጥ ስል ከሆነ፣ ካርዱ ኦሪጅናል ሆኖም የተከረከመ ሊሆን ይችላል። የተበላ ማዕዘን ለማዳን ጠርዙን በምላጭ የሚቆርጡ አሉ። ይህም ዋጋውን ገደል ይከተዋል።

አሁን ማጉያውን አንሱ። ከሁሉም የምተማመነው በዚህ ፈተና ነው።

የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ካርዶች ሲታተሙ ሥዕሉ በትናንሽ የቀለም ነጥቦች ነው የሚሠራው። ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫ እና ጥቁር ነጥቦች ሥርዓት ባለው ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ ተቀላቅለው ፊት፣ ሰማይ፣ ሣር ይሆናሉ። ጥቁሩ ጽሑፍና ቀጭኑ የዳር መስመር ግን በነጥብ አይሠሩም። ለብቻቸው፣ ሙሉ ቀለም ሆነው ነው የሚታተሙት። ርካሹን ካርድ አስቀምጡና አንዲት ጥቁር ፊደል ላይ አተኩሩ። ዳሯ ጥርት ያለ ነው፣ ውስጧ ጥቁር ብቻ ነው።

ፎርጅድ ሠሪው ግን የድሮው ማተሚያ ፕሌት የለውም። ያለው የኦሪጅናሉ ፎቶ ወይም ስካን ነው። ስካኑን ሲያትም ሥዕሉም ጽሑፉም አንድ ላይ ወደ ነጥብ ይቀየራሉ። ያቺው ፊደል በማጉያ ስትታይ ዳሯ ፈርሷል፤ ውስጧ ሮዝና ሰማያዊ ነጥብ ይታያል። የድሮው ነጥብ ላይ አዲሱ ነጥብ ስለሚደራረብ ሥዕሉም የደበዘዘ፣ የተንቀጠቀጠ ይመስላል። በቤት ኢንክጄት ከታተመ ነጥቦቹ ረድፍ የላቸውም፤ እንደተረጨ ቀለም እዚህም እዚያም ናቸው። በሌዘር ከታተመ ቀለሙ ከወረቀቱ በላይ ተቀምጦ ያብረቀርቃል፤ ፊደሉ ዙሪያም ትናንሽ የዱቄት ብናኝ ታያላችሁ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር አለ። አንዳንድ ኦሪጅናል ካርድ ላይ ባለቀለም ጽሑፍ ከነጥብ ሊሠራ ይችላል። የተሻለ ፎርጅድ ሠሪ ደግሞ ጽሑፉን እንደገና ይጽፈዋል። ስለዚህ «ነጥብ አየሁ፣ ፎርጅድ ነው» ብላችሁ አትሩጡ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በርካሹ ካርድ ላይ ይኸው ቦታ እንዴት ነው የታተመው? ጽሑፉ እንደገና ከተጻፈም የፊደሉ ቅርጽ፣ ውፍረቱና በፊደሎቹ መካከል ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም። ለዚህ ጀርባው ላይ ያሉት ትንንሽ የውጤት ቁጥሮች ጥሩ ናቸው፤ ፎርጅድ ሠሪ ፊቱ ላይ ሲጠበብ ውሎ ጀርባው ላይ ይሰለቻል።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልሙና ሁለቱን ካርዶች በየተራ ባትሪው ላይ ያዙ፤ አጠራጣሪ ብር በብርሃን እንደምናየው። የአንድ ዓመትና የአንድ ኩባንያ ካርቶን ብርሃን የሚያሳልፈው በተቀራራቢ መጠን ነው። አንዱ እንደ መስኮት ከበራ፣ ሌላው ድንጋይ ከሆነ ካርቶኑ አንድ አይደለም። በዚሁ አጋጣሚ የጀርባውን ግርጌ እዩ። «ሪፕሪንት» የሚለውን ቃል ፍቀው የሚሸጡ አሉ። የተፋቀበት ቦታ ከሌላው ይሳሳል፤ ብርሃን ያሳብቅበታል።

የአልትራቫዮሌት መብራቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለወጡ ካርዶች ይጠቅማል። ወረቀትን የሚያነጣ፣ በዚህ መብራት ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ ኬሚካል በወረቀት ሥራ የተለመደው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የ1910 ነው የተባለ ካርድ እንደ አዲስ ሸሚዝ ቦግ ካለ አትከራከሩ። ለ1950ዎቹ ካርዶች ግን ከርካሹ ጋር አስተያዩ እንጂ በዚህ ብቻ አትፍረዱ። ሚዛኑም እንደዚሁ ረዳት ነው፤ ዳኛ አታድርጉት፤ እርጥበት ራሱ ክብደት ይለውጣል።

የእርጅናው ነገር ይቀራል። ካርድን ማስረጀት ቀላል ነው። ሻይ ወይም ቡና ውስጥ ይነከራል፣ ማዕዘኑ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ግን እውነተኛ እርጅና እኩል አይደለም። አንዱ ማዕዘን ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል፤ ጠርዙ ከመሐሉ ይበልጥ ይጠቁራል። አራቱም ማዕዘኖች በአንድ ልክ ከተደቦለቦሉ፣ ቡናማነቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ፣ እጥፋቱ ሲከፈት ውስጡ ነጭ ሆኖ ብቅ ካለ፣ የተጠበሰ ካርድ ነው። አሽትቱትም። አይቀለድም፤ የቡና ሽታ ቶሎ አይለቅም።

የትምባሆ ካርዶች ላይ ሌላ ተንኮል አለ። የቲ206 ጀርባ የሲጋራ ማስታወቂያ ብቻ ነው፤ ስለ ተጫዋቹ ምንም አይልም። ስለዚህ የእውነተኛ ርካሽ ካርድ ጀርባ ገፍፈው የፎርጅድ ፊት ይለጥፉበታል። ጀርባውን ብቻ የፈተነ ሰው ይሸወዳል። ጠርዙን በማጉያ ዞር ዞር አድርጋችሁ የተጣበቀበትን መስመር ፈልጉ፤ ውፍረቱም አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል።

ዳራቸው ጥቁር የሆኑትን የ1971 ቶፕስ ካርዶች ስትገዙ ደግሞ ጠርዙን በጎን እዩ። ጥቁሩ ቶሎ ስለሚላላጥ በማርከር የሚቀቡት ብዙ ነው። ማርከሩ ወደ ነጩ የካርቶን ጎን ይፈሳል።

7. ስላብ ውስጥ ያለ ካርድ

ስላብ ካርዱ ተመርምሮ፣ ከ1 እስከ 10 ግሬድ ተሰጥቶት የሚታሸግበት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ገበያው የሚያምናቸው ጥቂት ኩባንያዎችን ነው፤ ፒኤስኤ፣ ኤስጂሲ፣ ቤኬት፣ ቅርብ ጊዜ የመጣው ሲጂሲም አለ። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ኩባንያ «10» ቢሰጠው ያ ቁጥር ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። ፕላስቲክ መያዣና ፕሪንተር ያለው ሁሉ ግሬድ ሰጪ ነኝ ማለት ይችላል።

የታወቀ ስም ሲሆን ደግሞ ስላቡ ራሱ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። መለያው ላይ ያለውን የምስክር ቁጥር ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቁጥሩ ሲወጣለት ደስ ብሎት ይከፍላል። ፎርጅድ ሠሪ እኮ ቁጥር አይፈጥርም፤ የእውነተኛ ካርድ ቁጥር ይገለብጣል። ስለዚህ ቁጥሩ መኖሩ አይበቃም። ድረ ገጹ ላይ የካርዱ ፎቶ ካለ ከፊታችሁ ካለው ጋር አስተያዩት። ሥዕሉ ወደ ግራ ያዘነብላል ወይስ ወደ ቀኝ? ነጩ ዳር ላይ ያለችው ነጥብ አለች? የድሮ ካርድ ጠባሳ አይደገምም። ፎቶ ከሌለ ቁጥሩን ጉግል ላይ ፈልጉ፤ ያው ካርድ ቀደም ሲል በጨረታ ተሸጦ ሊሆን ይችላል።

የፕላስቲኩን ዳር ዳርም እዩ። ተከፍቶ እንደገና የተጣበቀ ከሆነ ነጫጭ ጭረት፣ የሙጫ ርዝራዥ ወይም ክፍተት ይታያል። ውስጡ እውነተኛ ዝቅተኛ ካርድ ወይም ፎርጅድ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። የመለያው ፊደል፣ ቀለምና ሆሎግራም በዚያ ዘመን ከወጡ ሌሎች ስላቦች ጋር ይመሳሰል።

ትክክለኛ ስላብም ቢሆን የእግዜር ቃል አይደለም። ፒኤስኤ የምስክር ቁጥር 1 ሰጥቶ መጀመሪያ ግሬድ ያደረገው ካርድ አንድ የቲ206 ዋግነር ነበር። የሆኪው ዌይን ግሬትዝኪ ከብሩስ ማክናል ጋር ሆኖ በ1991 በ451 ሺህ ዶላር የገዛው ነው። የተሰጠው ግሬድ 8 ነው፤ ለዚያ ዘመን ካርድ ተአምር የሚባል። በ2013 ቢል ማስትሮ የተባለው ጨረታ አዘጋጅ ፍርድ ቤት ቀርቦ ያንን ካርድ ጠርዙን እንደከረከመው አመነ። ካርዱ ኦሪጅናል ነው፤ ግሬዱ ግን በተከረከመ ጠርዝ ላይ የቆመ ነበር። ለዚህ ነው በስላብ ውስጥም ቢሆን የካርዱን ጠርዝ ከመለያው በፊት የማየው።

8. ፎርጅድ ሆኖ ከተገኘ

መጀመሪያ ለሻጩ አትጩሁበት። በገዛችሁበት መድረክ በኩል፣ በጽሑፍ፣ «እንደተገለጸው አይደለም» ብላችሁ ጥያቄ ክፈቱ። የማጉያ ፎቶውን፣ የማስመሪያ ፎቶውንና የርካሹን ካርድ ፎቶ ጎን ለጎን አያይዙ። እዚህ ላይ ርካሹ ካርድ ሁለተኛ ሥራ ይሠራል፤ ስለ ህትመት ምንም የማያውቅ ሠራተኛ እንኳ ሁለቱን ፊደሎች አይቶ ልዩነቱ ይገባዋል። ሻጩ «በስልክ እናውራ» ቢል ስልኩን ተዉት፤ ማስረጃ የሚሆነው የተጻፈው ነው። እየለማመጠ ቀኑን እንዲያሳልፍባችሁም አትፍቀዱ።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ የድሮ ካርድ የሚሸጥ ሱቅ ውሰዱት። አብዛኞቹ በነጻ ያዩላችኋል፤ በአንድ እይታ ይነግሯችኋል። ስትመልሱ ክትትል ባለው ፖስታ ላኩ፤ ደረሰኙን ያዙ፤ ካርዱን ከመላካችሁ በፊት ፊትና ጀርባውን ቅረጹ፤ «የተመለሰልኝ ሌላ ካርድ ነው» የሚል ክርክር የተለመደ ነው።

መድረኩ ካልረዳችሁ ለባንካችሁ የክሬዲት ካርድ አቤቱታ አቅርቡ። ገንዘቡ ከፍ ያለ ከሆነ በኤፍ.ቢ.አይ. ሥር ላለው የኢንተርኔት ወንጀል ቅሬታ ማዕከል በኦንላይን ማመልከት ይቻላል። ዕቃው በፖስታ ከመጣ የአሜሪካ ፖስታ የራሱ መርማሪ ክፍል አለው፤ በፖስታ ማጭበርበር የፌዴራል ወንጀል ነው።

ገንዘቡ ተመልሶ ካርዱ እጃችሁ ላይ ከቀረ ጀርባው ላይ በማይለቅ ቀለም «ሪፕሪንት» ብላችሁ ጻፉበትና ለልጆቹ ስጧቸው።